አምስት እጥፍ የሆነ አፍ፦ የትምህርት ቤት ሞዴል የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ አዳማ

ጥር 2

ሞዴሉ የአዋቂ ሰው አፍ ነው፤ መጠኑ ከእውነተኛው 5 እጥፍ። 3 እጥፍ ቢሆን ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ የመንጋጋ ጥርስን ጉብታ መቁጠር አይችልም፤ 10 እጥፍ ቢሆን ደግሞ በክፍሉ በር አይገባም። ሙሉ 32 ጥርስ ይኖረዋል፣ መንጋጭላው ይከፈታል፣ ምላሱና ትናጋው (የላንቃው ለስላሳ የኋላ ክፍል) ይንቀሳቀሳሉ። የቀኙ ጎን አጥንቱ ተከፍቶ የጥርሶቹ ሥር ይታያል፤ ግራው በድድና በጉንጭ ተሸፍኖ ይቀራል።

መጋዝ ከመነሳቱ በፊት ልኬት። የጥርሶች ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ከመሐል የፊት ጥርስ ተነስቶ ወደ ኋላ (ሁለት የፊት ጥርስ፣ ክራንቻ፣ ሁለት ቅድመ መንጋጋ፣ ሦስት መንጋጋ ጥርስ)፦

ላይ፦ 8.5፣ 6.5፣ 7.5፣ 7፣ 7፣ 10፣ 9፣ 8.5
ታች፦ 5፣ 5.5፣ 7፣ 7፣ 7፣ 11፣ 10.5፣ 10

እነዚህ አማካይ ናቸው፤ ከሰው ሰው ይለያያል። ድምሩ ግን ልብ ሊባል ይገባል። የላዩ ግማሽ 64፣ የታቹ ግማሽ 63 ነው። በሁለት ተባዝቶ 5 እጥፍ ሲሆን የላዩ ረድፍ 640፣ የታቹ 630 ሚ.ሜ ይሆናል። በጠቅላላው እኩል የሚባሉ ናቸው፤ አከፋፈላቸው ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም። ከመሐል ሁለት ጥርስ ሲቆጠር ላዩ 15 ደርሷል፣ ታቹ ገና 10.5 ነው። ከክራንቻ በኋላ ልዩነቱ 5 ይሆናል፤ ቅድመ መንጋጋዎቹን ተሻግሮም 5 ሆኖ ይቆያል፤ ከመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ በኋላ ወደ 4፣ ከሁለተኛው በኋላ ወደ 2.5፣ መጨረሻ ላይ ወደ 1 ይወርዳል። የላይ ጥርስ በታቹ ጥርስ አናት ላይ ፊት ለፊት የማያርፈው በዚህ ምክንያት ነው። አፉ ሲገጠም ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚወስኑት እነዚህ ሁለት መስመሮች ናቸው።

ጥር 4

መሠረት። 18 ሚ.ሜ ኮምፔንሳቶ በፈረስ ጫማ ቅርጽ ሁለት ተቆረጠ። የጥርሶቹ መነካኪያ መስመር ከኋላ 27 ሴ.ሜ ስፋት፣ ከፊት ወደ ኋላ 26 ሴ.ሜ ጥልቀት ተሰጠው። መስመሩ ላይ ገመድ ተኝቶ ሲለካ ከ640 ሚ.ሜ በላይም በታችም በብዙ መራቅ የለበትም። ገመዱ ቢረዝም በጥርሶች መካከል ክፍተት ይቀራል፤ ቢያጥር ጥርስ በጥርስ ላይ ይደረባል። እውነተኛ አፍ ውስጥም ጥርስ የሚጣመመው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቦታና ስፋት አይመጣጠኑም።

የታቹ ረድፍ ከላዩ ጠበብ ብሎ ተሠራ፤ የላይ ጥርሶች ከታቾቹ በውጭ በኩል ዙሪያውን ማለፍ አለባቸው። ፊት ላይ የላዩ ጥርስ የታቹን ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ ይሸፍናል፤ በሞዴሉ ከ10 እስከ 15።

ጥር 5 – 8

ጥርስ መቅረጽ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሁሉንም በጀሶ መጣል ነበር። አንድ የላይ መንጋጋ ጥርስ ለሙከራ ተጥሎ ሲመዘን ወደ 200 ግራም ወጣ። በዚህ ሂሳብ የላዩ ረድፍ ብቻውን 2 ኪሎ ስለሚደርስ ሐሳቡ ተትቷል። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ተቆርጦ ላዩ በጀሶ እንዲለበስ ተወሰነ።

የጀሶ ድብልቅ፦ 100 ግራም ጀሶ፣ 60 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የእንጨት ኮላ። ኮላው በውኃው ይሟሟል፣ ከዚያ ጀሶው በወንፊት ውኃው ላይ ይነሰነሳል። ውኃ በጀሶ ላይ ከተጨመረ ከሥሩ ደረቅ እብጠት ይቀራል። ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ ውፍረት ይቀባል። ከ200 ግራም በላይ በአንዴ ማቡካት ብክነት ነው፤ ተቀብቶ ሳያልቅ ሳህኑ ላይ ይጠነክራል።

እዚህ የአዳማ ነፋስ ገባበት። ከተማው ዳርቻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ የተደረደሩት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጥርሶች ፊታቸው በጣት ሲነካ ዱቄት ሆነ። ጀሶ የሚጠነክረው ውኃውን ውስጡ አስሮ ስለሆነ፣ ነፋሱ ውኃውን ቀድሞ ከወሰደው መጠንከር ያቆማል። ስድስቱም ተፍቀው እንደገና ተለበሱ፤ ከዚያ ወዲህ እርጥብ ጨርቅ ለአንድ ሰዓት ይሸፍናቸዋል፣ ቀጥሎ በቤት ውስጥ ይደርቃሉ።

ቅርጽን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱባቸው፦

የላይ መሐል የፊት ጥርስ ከድድ በላይ 52 ሚ.ሜ ቁመት፣ 42 ስፋት አለው፤ ሥሩ 65። የታቹ መሐል ግን ስፋቱ 25 ብቻ ነው። ከ32ቱ ትንሹ እርሱ ነው። ብዙ የተሳሉ ሥዕሎች ሁለቱን እኩል ያደርጓቸዋል፤ ይህ ከተደረገ ከላይ የተቆጠረው ሂሳብ ሁሉ ይፈርሳል።

ክራንቻ ከሁሉም ረጅሙ ነው። የላዩ ሥር ብቻውን 85 ሚ.ሜ ይደርሳል፤ ከአፍንጫ ጎን ሲነካ የሚሰማው ጉብታ ይህ ሥር ያረፈበት ነው።

የላዩ የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ አራት ጉብታና ሦስት ሥር አለው፤ ሁለቱ ሥሮች ወደ ጉንጭ፣ አንዱ ወደ ላንቃ። የታቹ አምስት ጉብታ፣ ሁለት ሥር፤ ሥሮቹ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ይቆማሉ። የላዩ ከጉንጭ ወደ ላንቃ ይሰፋል (55 በ50)፣ የታቹ ከፊት ወደ ኋላ (55 በ52)። ሁለቱ ከጠረጴዛ ላይ ሲቀላቀሉ መለያው ይህ ነው።

ጥር 9

ቁጥር። እያንዳንዱ ጥርስ ከሥሩ ሁለት አሃዝ ተጻፈበት። የመጀመሪያው አሃዝ ሩቡን ያመለክታል፤ 1 የላይ ቀኝ፣ 2 የላይ ግራ፣ 3 የታች ግራ፣ 4 የታች ቀኝ። ሁለተኛው ከመሐል ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ይቆጥራል። የጥርስ ሐኪም «36» ካለ የታች ግራ የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ነው። «ቀኝ» የሚባለው የአፉ ባለቤት ቀኝ እንጂ የተመልካቹ አይደለም። የላዩ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ተገላብጦ ከተደረደረ በኋላ ነው የታወቀው፤ መደርደር ቀላል ስለሆነ ጉዳቱ የግማሽ ቀን ብቻ ሆነ።

ጥር 11

ጥምቀት። ሥራ የለም።

ጥር 13

ግጥሚያ። የላዩና የታቹ ረድፍ ከመሐል ምልክት ተነስቶ በየራሱ ስፋት ተለጠፈ። በመጀመሪያው ሙከራ የታቹ ጥርሶች «ከላዮቹ ትይዩ እንዲሆኑ» ተብለው በ31 እና በ32 መካከል 8 ሚ.ሜ ክፍተት ተሰጥቷቸው ነበር። ላዩ ሲወርድ የክራንቻ ጫፍ ከክራንቻ ጫፍ ጋር ተጋጨ፣ ኋላው 3 ሴ.ሜ ክፍት ቀረ። ክፍተቱ ተነስቶ ጥርሶቹ ሲጠጋጉ የላዩ ክራንቻ ጫፍ በታቹ ክራንቻና በታቹ የመጀመሪያ ቅድመ መንጋጋ መካከል ገባ፤ የላዩ መንጋጋ ጥርስ የፊት ጉብታም የታቹ መንጋጋ ጥርስ የጉንጭ ጎን ስንጥቅ ውስጥ ተቀመጠ። መንጋጭላ በትክክል መግጠሙን ሐኪም የሚያይበት ምልክትም ይኸው የመጨረሻው ነው።

ስለዚህ አንድ ጥርስ ከሁለት ጋር ይገናኛል። ከዚህ ውጭ የሆኑት የታች መሐል ጥርሶችና የላይ መጨረሻ መንጋጋ ጥርሶች ናቸው፤ እነዚህ ባለ አንድ ጓደኛ ናቸው። የታች መሐል ጥርስ ምን ያህል ቀጭን መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ግማሽ እርምጃውን የሚጀምረው እርሱ ነው።

ጥር 14 – 17

የመንጋጭላ መገጣጠሚያ። ብዙ ጊዜ የወሰደው ይህ ነው፤ ከጥርስ ሁሉ ይልቅ።

ሁለቱ መገጣጠሚያዎች እርስ በርሳቸው፣ እያንዳንዳቸውም ከታች መሐል ጥርስ ወደ 10 ሴ.ሜ ይርቃሉ፤ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ማለት ነው። በሞዴሉ 50 ሴ.ሜ። ከፍታቸውም ከጥርሶቹ መግጠሚያ ደረጃ በላይ ነው። የተወሰደው አቀማመጥ፦ በመሐላቸው 50፣ ወደ ፊት እስከ መሐል ጥርስ 40፣ ከጥርስ ደረጃ በላይ 17 ሴ.ሜ።

መጀመሪያ የቁም ሣጥን ማጠፊያ በጥርሶቹ ደረጃ ተመታ። ስህተት ነው። እንደ መቀስ ይሆናል፤ የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ቀድመው ይጋጫሉ፣ ፊቱ ክፍት ይቀራል። ማጠፊያው 17 ሴ.ሜ ሲነሳ ፊትና ኋላ አንድ ላይ ለመድረስ ተቃረበ።

ከዚያ ሁለተኛው ችግር መጣ። ማጠፊያ መዞርን ብቻ ያውቃል። የሰው መንጋጭላ ግን መጀመሪያ ይዞራል፣ ቀጥሎ ይንሸራተታል። አፍ ከ20 እስከ 25 ሚ.ሜ እስኪከፈት በቦታው መዞር ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ የአጥንቱ ራስ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ ፊትና ወደ ታች ይሄዳል። አንድ ጣት ከጆሮ ፊት አድርጎ አፍን ቀስ ብሎ በመክፈት ይህን ማረጋገጥ ይቻላል። ማጠፊያው ተነስቶ በሁለቱ የጎን ሳንቃዎች ላይ 65 ሚ.ሜ ርዝመት ያለው ሞላላ ቀዳዳ በትራፓኖ ተበስቶ በሞረድ ተስተካከለ፤ ከኋላ ወደ ፊት ወደ 35 ዲግሪ ያዘቀዝቃል። ቡሎን በውስጡ ያልፋል፣ በሁለቱም ጎን ሮንዴላ፣ በሮንዴላውና በሳንቃው መካከል ክብ የጎማ ቁራጭ። የጎማው ቁራጭ በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን ተንሸራታች ዲስክ ይወክላል፤ ሰው አፉን ሲከፍት «ቀጭ» የሚለው ዲስኩ ከአጥንቱ ራስ ተንሸራቶ ሲመለስ ነው።

ዳዶው ሙሉ በሙሉ አይጠብቅም፤ ሩብ ዙር ይላላል፣ ሁለተኛ ዳዶ ይቆለፍበታል።

የሚዘጉት ጡንቻዎች የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ 4 ሴ.ሜ ስፋት ሆኖ ተቆርጦ ከጉንጭ አጥንት ወደ መንጋጭላው ማዕዘን ተወጠረ። ማኘኪያ ጡንቻዎች በየጎኑ አራት ናቸው፤ ሦስቱ ይዘጋሉ፣ አራተኛው የአጥንቱን ራስ ወደ ፊት ይስባል። ይህ አራተኛው በሲባጎ ተተካ። ያለ ሲባጎው አፉ 11 ሴ.ሜ ላይ ይቆማል፤ ሁለቱ ሲባጎዎች እኩል ሲሳቡ 22 ሴ.ሜ ይደርሳል፣ በእውነተኛው ልክ 44 ሚ.ሜ ማለት ነው፤ የአንድ ሰው ሦስት ጣት ተደራርቦ የሚገባበት። አንዱ ሲባጎ ብቻ ከተሳበ አገጩ ወዳልተሳበው ጎን ይታጠፋል። ሐኪም አፍ ሲያስከፍት የአገጩን አካሄድ በዓይኑ የሚከተለው ለዚህ ነው። ይህኛው የክፍሉ ተወዳጅ ክፍል እንደሚሆን አያጠራጥርም።

ጥር 19

የታች መንጋጭላ ነርቭ። ቢጫ የኤሌክትሪክ ሽቦ በቀኙ፣ በተከፈተው ጎን፣ በመንጋጭላው ቀጥ ያለ ክፍል የውስጥ ገጽ ገብቶ ከመንጋጋ ጥርሶቹ ሥር በታች ያልፋል፣ ከቅድመ መንጋጋዎቹ በታች ባለ ቀዳዳ ወደ ውጭ ወጥቶ በከንፈርና በአገጭ ይበተናል። የታች መንጋጋ ጥርስ ለመንቀል መርፌ ሲወጋ ከንፈር አብሮ የሚደነዝዘው በዚህ መንገድ ምክንያት ነው። ከላይ ያሉት መንጋጋ ጥርሶች ደግሞ ከሥራቸው በላይ ባዶ የአየር ክፍል (ሳይነስ) አላቸው፤ በሞዴሉ ግማሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀምጦበታል። ሳይነስ ሲያመረቅዝ «ጥርሴን አመመኝ» የሚባለው ከዚህ ቅርበት ነው።

ጥር 20 – 21

ላንቃ፣ ትናጋ፣ እንጥል። የላንቃው የፊት ሁለት ሦስተኛ ከላይ መንጋጭላ አጥንት፣ የኋላው አንድ ሦስተኛ ከሌላ ጥንድ አጥንት ነው፤ በመሐሉ መስመር ተሰፍቷል። በወረቀት ቡኬት ተሠራ። ጉልላቱ 8 ሴ.ሜ። ከፊት ጥርሶች ጀርባ አንድ ትንሽ ጉብታ፣ ከእርሷ ኋላ አግድም ሽንትሮች በገመድ ተደረጉ።

ትናጋው ጠንካራ መሆን የለበትም። ከ4 ሴ.ሜ ስፖንጅ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ 17 ሴ.ሜ ርዝመት፣ ከላንቃው ጫፍ ተሰፋ፤ ከላይ በገመድ ይነሳል። ገመዱ ሲሳብ ወደ አፍንጫ የሚወስደው መንገድ ይዘጋል። «በ» ሲባል ተዘግቷል፣ «መ» ሲባል ተከፍቷል፤ ከንፈሩ በሁለቱም ያው ነው። አፍንጫ ይዞ «ማማ» እና «ባባ» ማለት ልዩነቱን ያሰማል።

እንጥል በመሐሉ ተንጠልጥሏል፤ በጎንና በጎኑ ሁለት ሁለት እጥፋቶች አሉ፣ በመካከላቸው ቶንሲሉ። «እንጥሉ ወረደ» ሲባል ብዙ ጊዜ ያበጠው ቶንሲል ነው እንጂ እንጥሉ አይደለም፤ ሞዴሉ ላይ ሁለቱን በተለያየ ቀለም መቀባት ይህን ያስረዳል። እንጥል ማስቆረጥ ሕመሙን አያስቀርም፤ የሚያመጣው የደም መፍሰስና ቁስሉ መመረዝ ነው። በሕፃን ድድ ላይም የክራንቻው ቦታ ነጣ ብሎ ያበጠ የሚመስለው ገና ያልወጣው ጥርስ ከታች ስላለ ነው። «የወተት ጥርስ» ተብሎ ሲነቀል የሚወጣው ይህ ነው፤ ከኋላው የሚበቅለው የቋሚ ጥርስ ጅምርም አብሮ ይጎዳል። ለዚህ ትንሽ ተጨማሪ የሕፃን ድድ ቁራጭ ቢሠራ ጥሩ ነበር፤ ጀሶው ከተረፈ።

ጥር 23 – 25

ምላስ። ገጹ ከሮዝ ፎጣ። የፎጣ ፀጉር የምላስን ጥቃቅን ሹል ጉብታዎች በትክክል ይመስላል፤ እነዚህ በብዛት ያሉት ናቸው፣ ጣዕም ግን አይቀምሱም፣ ሥራቸው ማሻከር ነው። ቀያይ ዶቃዎች በጫፉና በጠርዙ ተሰፉ። ከኋላ፣ ሁለት ሦስተኛው ሲያልቅ፣ 10 የሸሚዝ ቁልፎች ጫፉ ወደ ጉሮሮ በዞረ ባለ ሁለት ክንፍ መስመር ተደረደሩ፤ ከ8 እስከ 12 ይሆናሉ። ቁልፍ የተመረጠው ዙሪያው ከፍ፣ መሐሉ ዝቅ ስለሚል ነው፤ እውነተኞቹም በዙሪያቸው ቦይ አላቸው፣ ጣዕም ተቀባዮቹ በቦዩ ግድግዳ ላይ ናቸው።

ጫፉ ጣፋጭ፣ ኋላው መራራ ብቻ የሚቀምስበት «ካርታ» አልተቀባም። በ1901 የወጣ የጀርመን ጥናት በስህተት ከተነበበ ወዲህ የተስፋፋ ነው፤ ሁሉም የምላስ ጣዕም ተቀባይ አካባቢ ሁሉንም ጣዕም ይለያል። ነርቮቹ ግን ይከፋፈላሉ፤ የፊቱ ሁለት ሦስተኛ ጣዕም በአንዱ፣ ስሜቱ (ሙቀት፣ ሕመም) በሌላ፣ የኋላው ጣዕምም ስሜትም በሌላ፣ በሦስተኛው ነርቭ።

ስፌት፦ ጠፍጣፋ ጨርቅ ሲሞላ ይጠብባል። 22 ሴ.ሜ ስፋት ለማግኘት 29 ሴ.ሜ መቁረጥ አስፈለገ፤ የመጀመሪያው 22 ተቆርጦ እንደ ቋሊማ ሆነ። ሌላው ስህተት ምላሱን አፉ ወለል ላይ አስቀምጦ መተው ነው። ምላስ ከአገጩ አጥንት ውስጠኛ ገጽና ከአንገት ላይ ካለችው ትንሽ አጥንት ታስሯል፤ ስለዚህ በቡሎን ከታች መንጋጭላ ፊት ታሰረ፣ ኋላው በገመድ። በስፖንጅ ጥብቅ ተሞልቶ ነበርና «ከ» ለማለት ጀርባው ወደ ትናጋው አልነሳ አለ። ሲሶው ስፖንጅ ከኋላ ወጣ፤ ተነሳ።

ጥር 27

ምራቅ። የግሉኮስ ቱቦ በሁለት መንገድ። አንዱ በግራ ጉንጭ ውስጥ ከላይ ሁለተኛው መንጋጋ ጥርስ (27) ትይዩ ይከፈታል፤ ሌላው ከምላስ ሥር፣ ከማሰሪያው ጎን ባለች ትንሽ ጉብታ። ከ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውኃ ሲገፋ ከሁለቱም ይፈልቃል። የሰው አፍ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ያመነጫል፤ ምግብ በሌለበት ጊዜ አብላጫው ከመንጋጭላ ሥር ካለው ዕጢ ነው። ምራቅ የማዕድን ጭነት ስላለው ጥርስ ላይ የሚደነድነው ቢጫ ቅርፊት በመጀመሪያ የሚታየው በእነዚህ ሁለት አፎች አጠገብ ነው፤ ከታች የፊት ጥርሶች ጀርባ፣ ከላይ መንጋጋ ጥርሶች ጉንጭ ጎን። መፋቂያም ይሁን ብሩሽ ብዙ ጊዜ የማይደርስባቸው ቦታዎች ናቸው።

ውኃው ግን የጀሶውን ድድ አለሰለሰው። ወለሉ በሁለት እጅ ዘይት ቀለም ተቀብቶ ከኋላ መፍሰሻ ተበሳ።

ጥር 29 – የካቲት 1

ቀለም። ጥርስ የወረቀት ነጭ አይደለም። የላዩ ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜል፣ ብርሃን ያስተላልፋል፤ ከድድ አጠገብ ይሳሳል፣ ከሥሩ ያለው ቢጫማ ዴንቲን ይታያል። ነጭ ላይ ጠብታ ቢጫ፣ ወደ ድድ ሲቀርብ ጨመር ተደርጓል። ሥሩ ይበልጥ ቢጫ። የሚረጨው ስፕሬይ ቀለም ጀሶው ሳስቶ በተሰነጠቀበት ሁሉ ገብቶ ፎሙን አቀለጠው፤ 14 እና 15 ባዶ ቅርፊት ሆነው ተገኙ። በውኃ የሚሟሟ ቀለም ብቻ፣ በብሩሽ።

11 እና 21 ተነቃይ ሆኑ፤ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በመሠረቱ፣ የብረት ሮንዴላ በጥርሱ ሥር። ለሁለቱ ሦስት ጥንድ ተሠራ፦ ንጹሕ፣ ኖራ የመሰለ አግድም ሽንትር ያለው፣ ቡናማ ያለበትና የተሸረሸረ። ለአዳማ ተማሪ ሦስተኛው እንግዳ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ፣ ከአዳማ በስተደቡብ ባለው ወንጂ አካባቢ ጭምር፣ ፍሎራይድ ይበዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ከመውጣቱ በፊት፣ ኢናሜሉ በድድ ውስጥ ሲሠራ ነው። የ11 እና የ21 አናት ሕፃኑ ከተወለደ በጥቂት ወራት ተጀምሮ በ4 እና በ5 ዓመት መካከል ያልቃል። ኢናሜል በንብብር ስለሚሠራ ሽንትሩ አግድም ሆነ፤ ግራና ቀኙ በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ሽንትሩ በሁለቱም ይመሳሰላል። ቀቢው መጀመሪያ ቁልቁል መስመር አድርጎት ነበር፤ ታጥቦ እንደገና ተቀባ።

ቡናማው ቆሻሻ አይደለም፤ በከሰል ወይም በጨው መፈተግ ኢናሜሉን ያሳሳል እንጂ አያስለቅቀውም። ውኃ ማፍላትም ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውኃው ተንኖ ሲቀንስ የቀረው ውስጥ ይበልጥ ይጠነክራል።

የካቲት 3

ሙከራ። ጠቅላላ ክብደት 9 ኪሎ፤ ሁለት ሰው ያነሳዋል። 40 ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ። በ26ኛው ላይ የግራው ሲባጎ ተበጠሰ፤ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ተተካ። 36 እና 37 ላይ ወረቀት ተደርጎ ሲዘጋ ወረቀቱ አይወጣም፤ በ16 በኩል ግን ይወጣል፣ 2 ሚ.ሜ ያህል ክፍት ነው። 46 ከሥሩ በካርቶን ይነሳል። 38 ቀለሙ ገና አልደረቀም።